የሞራ ሻማ

አስር ዓመት ሙሉ፣ በየሐሙስ ማታ፣
ዘንዶ ስንገድል ኖርን፣ ያለ አንዳች ፋታ።
ቶሩን ከተማ ውስጥ፣ ከቪስቱላ ዳር፣
ከቁልፍ ቀራጩ በላይ፣ ክፍሏ ጠባብ ነበር፤
ክብ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣ አንዱ እግሩ ሰባራ፣
ግድግዳው ላይ የሌለ አገር ካርታ፣ የሌለ ተራራ።

ኢሬኔውሽ ነው ተራኪው፣ የጨዋታው መሪ፣
ቀን የትራም ነጂ፣ ማታ ዓለም ፈጣሪ።
ቦጉሚው ፈረሰኛ፣ ሰይፉ እሳት ተፊ፣
ቀን ቀን ግን ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን አጣጣፊ።
ኪንጋ አስማተኛ ናት፣ ደመና አዛዥ፣ መብረቅ ጠሪ፤
እኔ ሌባ ነኝ፤ አስር ዓመት ያልተያዝኩ፣ በጨለማ አዳሪ።

አንድ ሐሙስ ግን ኢሬኔውሽ መጣ፣ በረዶ ትከሻው ላይ፣
በብብቱ መጽሐፍ፣ ጀርባው የተላጠ።
"ከአሮጌ ዕቃ ተራ ነው" አለ፤ "በሁለት ዳቦ ዋጋ።"
ገለጥነው። ንጉሥ የለበትም፤ ጦር የለበትም፤ አልጋ
የወረሰ ልዑል የለበትም።
ያለበት የእንቁላል ዋጋ ነው፣ በዐቢይ ጾም ዋዜማ፤
ዳቦ አቅልሎ የተቀጣ ጋጋሪ፣ በጎረቤት የታማ፤
ከጉድጓዱ ማን ከማን ቀድሞ ውሃ እንደሚቀዳ፤
የሰው ጎመን የበላ አሳማ፣ የባለቤቱም ዕዳ፤
ቁንጫ ከጭድ ፍራሽ በምን ቅጠል እንደሚባረር፤
ሰሙ ለቤተ ክርስቲያን፣ ሞራው ለድሃ እንደነበር፤
አንዲት የሞራ ሻማ እንዴት እንደምትገማ፣ ስንት ሰዓት እንደምትነድ።

"ዛሬ ዘንዶ የለም" አለን፤ "የካቲት ነው፤ ብርድ።
ወንዙ እንደ ድንጋይ ረግቷል። ጨው የጫነው ጀልባ
በረዶ ነክሶት ቀርቷል፤ ከተማችን አልገባ።
እንግዲህ፣ እናንተ ማን ናችሁ?"

ቦጉሚው ሳቀ። "ሰይፌስ?"
"ሰይፍ የላም ዋጋ ነው፣ ያውም የብዙ ላም።
አንተ ቆዳ ፋቂ ነህ፤ ሽታህ ከአንተ ቀድሞ በር ይገባል፤
አንዲት ፍየል አለችህ።"
እኔ ሌባው የሌሊት ዘብ ሆንኩ፣ ፋኖስ እንኳ የሌለኝ።
ኪንጋም፣ ያ ሁሉ መብረቋ ቀርቶ፣
የሻማ ሠሪ መበለት ሆነች፣ ልጇ ቪትኮ የሚያስልባት።

እውነቱን ልናገር፤ የመጀመሪያው ሰዓት እንደ ሬንጅ ተጎተተ።
ለአንድ ሸክም ማገዶ ተጨቃጨቅን።
ሁለት ጊዜ አዛጋሁ። ቦጉሚው ለፍየሏ ስም አወጣ፤
ብሮንካ አላት። ያኔ ነው መሰለኝ ነገሩ የመጣ።

ነጋዴ በር አንኳኳ። "የቀረችሽን አንዲት ሻማ
በእፍኝ ጨው ልግዛሽ።"
እፍኝ ጨው! የሳምንት ሾርባ። ኪንጋ ዝም አለች፤
ሞራ ያለበት ይመስል፣ ጣቶቿን አየች።
"አልሸጥም። ላብራት፤ ፊቱን እያየሁ ልደር።"
"እስኪነጋ ትቆይ እንደሆን፣ ጠጠሯ ትናገር።"

ባለ ሃያ ገጽ ጠጠር ናት፣ ሰማያዊ፣ ጥጓ የተሸረፈ።
ተንከባለለች፤ ተንከባለለች፤ ከመጽሐፉ ገጽ ላይ አረፈች፤
ከሃያው ገጿ መርጣ ሁለትን አሳየች።
ኢሬኔውሽ ድምፁን ዝቅ አደረገ፦
"ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ሻማዋ አለቀች።
የልጅሽ ገጽ አይታይሽም። ሳሉ ይሰማል።
ሳሉ ይሰማል።
ከዚያ አይሰማም።"

"ተኝቶ ነው?" አለች ኪንጋ፤ "ወይስ..."
"እስኪነጋ አታውቂም።"
መጽሐፉን ከደነ። "ሐሙስ እንገናኝ።"

መቶ ዘንዶ ገድለናል፤ የአንዱንም እናት አልጠየቅን።
ዓርብ ሌሊት ግን ስልኬ ጮኸ፤ ቦጉሚው ነው።
"ተኝቶ ነው፣ አይደል?"
"እኔ ዘብ ነኝ እንጂ ሐኪም ነኝ?" አልኩት፤
ስልኩን ግን ሁለታችንም አልዘጋንም።

ሐሙስ ማታ ከሁላችን ቀድሞ መጣ፤
ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ከኪሱ አወጣ
አንድ ፓኬት ጨው፣ ዋጋው የተለጠፈበት፤
ኪንጋ ፊት አስቀመጠው፣ ጠጠሯ ያለችበት።
"ብሮንካን ሸጥኳት" አለ።