አንዴ እሺ፣ አንዴ እምቢ

ቂርያት ጋት፣ መጋዘን፣ ከሌሊቱ ስምንት።
ፎርክሊፍቱ በጓሮ ጢጥ ጢጥ ይላል በትዕግሥት።
እኔ ሰባት መስመር ትእዛዝ ጽፌ
ከስክሪኑ ፊት ተቀምጫለሁ፣ እጄን አጣጥፌ።

ነገሩ ቀላል ነበር። ላሪሳ አንጓዋን ታማለች፤
«ካርቶኑ ተጎድቷል፣ ላኪው ይጠየቅ» እያለች
በአንድ ፈረቃ አራት መቶ ጊዜ ትጽፋለች።
ሦስት ቁልፍ ባንድነት ትጫን፣ አልኩ፣
ቀሪውን ማሽኑ ይጻፍላት። ከሁለት ቪዲዮ ተምሬ ሞከርኩ።

አልት፣ ሺፍት፣ ኤ።
ሠራ! ዐረፍተ ነገሩ ባንድ ትንፋሽ ዱብ አለ፤
የሚያይልኝ ፍለጋ ዞርኩ፤ ከካርቶን በቀር ማን አለ?
ደገምኩት። ዝም።
ሠለስኩት። ሠራ። ባራተኛው ዝም።
አንዴ እሺ፣ አንዴ እምቢ፤
እንደ ኩርፍተኛ ሙሽራ፣ አትወጪ፣ አትገቢ።

ነጠላ ሰረዝ ነቀልኩ፣ ነጠላ ሰረዝ ተከልኩ፤
ፋይሉን «የመጨረሻ»፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ ሁለት» አልኩ፤
አጥፍቼ አበራሁ፤ ተሳደብኩ፤ ይቅርታ ለመንኩ።
ሲጨንቀኝ በየመስመሩ መሐል ትንሽ መስኮት አቆምኩ፣
«እዚህ ደርሻለሁ» እንድትለኝ፣ የጠፋበትን ባውቅ።
እምቢ ሲል ግን አንደኛዋም መስኮት አልተከፈተች።
ለካ ውስጥ ገብቶ መንገድ የሳተ የለም፤
በሩን ያንኳኳ አልነበረም።

ያኔ ነው ከስክሪኑ ታች ጥጉን ያየሁት፤
ጣቴ አልትና ሺፍትን በነካ ቁጥር ቋንቋው ሲለወጥ፣
እንግሊዝኛ የነበረው ሰሌዳ ዕብራይስጥ ሆኖ ሲገለበጥ።
በሩን የሚያንኳኳው እጄ ነበር ቁልፉን የሚለውጥ።

አንዲቱ ቁልፍ፣ አናቷ ላይ ኤ፣ ሥሯ ሺን፣
ጎኗ ላይ ላሪሳ የለጠፈችው የሩስያ ኤፍ፤
«ኤ!» ብዬ ስጣራ ሺን ሆና ትሰማኛለች፣
እኔን አይደለም ብላ ታልፋለች።

አልፈረድኩባትም።
የፈረቃው አለቃ ከማዶ «ታማር!» ሲል፣
እኔ ትጓደድ፣
ያንን ስም በሰባት ዓመቴ ከአስተማሪ የተቀበልኩ፣
አንዳንዴ አቤት እላለሁ፤
አንዳንዴ ካርቶን መቁጠሬን እቀጥላለሁ።

ስሟን ትቼ በቦታዋ ጠራኋት፤ ቁጥር ሠላሳ፣
ከግራ፣ ከትንሿ ጣት ሥር፣
ቋንቋ ቢገላበጥ ከወንበሯ የማትነሳ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አሥር ጊዜ። ሠራች።
መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋሁ፤
የመጀመሪያዋን ብቻ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ተውኳት።

ጠዋት ላሪሳ መጣች፣ አንጓዋ በፋሻ እንደታሰረ።
ኮቷን ሳታወልቅ፣ ቆማ ነካችው።
ሳቀች። ደገመች። ደግማ ሳቀች። ደገመች።
ከፊቷ የነበረው ካርቶን ደኅና ነበር፣ ጭረት የሌለበት፤
አራት ጊዜ ተጎዳ፣
ላኪውም አራት ጊዜ ይጠየቅ ተባለበት።