አፈር ስመርጥ

ከደጀን አፋፍ፣ ነፋስ ከሚያፏጭበት፣
ከትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ «ቤተ ሙከራ» ከሚሉት፣
(በርጩማው ሦስት እግር፣ በሩ በሽቦ የታሰረበት)
አንዲት ጊንጥ መጣችልኝ፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ታሽጎባት።
ዓባይ በረሃ ወርደው፣ ድንጋይ ገልብጠው ያገኟት
የአሥረኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ ባንቺአምላክ ናት የያዘቻት፣
ፈረሱላ ድፍረት ያላት።
ልየውም በካልሲው ቋጥሮ፣ እንሽላሊት ይዞ መጣ፣
አሸዋን እንደ ውኃ የሚዋኝ፣ እዚህ ሰጥሞ እዚያ የሚወጣ።
«ቲቸር፣ ቤት ሥሪላቸው።»

ቤት ማለት ለእኔ ግድግዳና ጣራ ነበረ፤
መስታወቱን አጠብሁ፣ ክዳኑም በወንፊት ታጠረ፤
ወለሉ ግን፣ ወለሉ ቀረ።

«የበረሃ ልጅ ናት» ብዬ፣ አሸዋ ሞላሁ መጀመሪያ፣
ከግንበኞች የተረፈ፣ ነጭ፣ የታጠበ፣ ያለ አንድ ቆሻሻ ፍርፋሪ፤
ሌሊቱን ስትቆፍር አደረች፣ ሌሊቱን ሲናድባት፣
ጧት ጭራዋ ብቻ ይታያል፣ ቤቷ መቃብር ሆኖባት።
አሸዋ ደግ ይመስላል፤ ለነካው ሁሉ ይከፍታል፣
ዘወር ሲሉ ግን፣ የከፈተውን ይረሳል።

ሰጋቱራም ሞከርሁ፣ ከአናጢው ከአስረስ ደጅ ጠርጌ፣
ሻገተብኝ በሦስት ቀን፤ ጣልሁት በላስቲክ አድርጌ።

ቀጥሎ ዋልካ ነው፣ የጤፍ ማሳችን ጥቁር፣
ሲርስ ሊጥ፣ ሲደርቅ ብረት፣ ኩርፊያው የማይሰበር፤
ከአምፖሉ ሥር ተሰነጠቀ። ጊንጧም ቧጠጠች፣ ቧጠጠች፣ ምንም አልሰጣት፤
ጥግ ይዛ ተቀመጠች፣ የሚከራይ ቤት እንደ ከለከሏት።

ጋሽ እንየው ዘበኛው፣ በር ላይ ሆኖ ሲያየኝ ቆየና፣
«ማንን ልትቀብሪ ነው?» አለ፤ ካፖርቱን ሰቀለና፣
ከአሸዋው ሰባት እፍኝ፣ ከቀዩ ሸክላ ሁለት፣
ውኃ በጣቶቹ ረጭቶ፣ በመዳፉ ጨበጠበት፤
«እይው» አለኝ እጁን ከፍቶ፤ «ውኃ ጠብ ካለው በዝቶበታል፤
ከተበተነ አንሶታል፤
እንዲህ አምስት ጣትሽን ቆጥሮ፣ ቅርጽሽን ከያዘ፣ ያኖራል።»

ጠፍጣፋውን ድንጋይ ከላይ ልጭን ስል፣ እጄን ያዘኝ እንደ ሌባ፦
«ሥሩን ቆፍራ ብትበላው፣ ማን ያነሳላታል? ድንጋይ መጀመሪያ ወለል ይግባ፣
አፈር ኋላ ይምጣ።»
ስንዝር ተኩል ጠቀጠቅን፣ በዘነዘና፣ ቀስ እያልን።

«ከየት አወቅኸው?» አልሁት።
ዝም አለ። ዝም ሲል ጥፍሩን ያያል።

አሸዋ ቆፋሪ ነበሩ፣ እሱና ታናሹ ምንይችል፣
ወንዙ ዳር፣ ገደሉን ከሥር እየፈለፈሉ፣ መኪና እስኪሞላ ድረስ።
አንድ ረፋድ፣ ምሳ ሳይቀርብ።
«አሸዋ ነበረ» አለኝ፤ «ንጹሕ። እኛው የመረጥነው።
አውጥተን ስንቀብረው ደግሞ፣ ሰው ሁሉ እጄን እየያዘ፣
‹አፈሩን ገለባ ያርግለት› ይለኛል።
ገለባ!
ገለባነቱ አይደል የገደለው?»

ምን እላለሁ? አፈር ስሆን አይባል።
እርሳስ አጋድሜ፣ ለማስጀመሪያ አንድ ቀዳዳ ወጋሁ።

አራት ቀን በአምፖል ሥር አቆየነው (መብራት የሄደበትን ሳንቆጥር)፤
ላዩ ነጣ፣ ሥሩ እርጥበቱን እንደ ምሥጢር ያዘ።
በአምስተኛው ጧት፣ እርሳሴ የወጋው ቦታ የለም፤
ከእሱ እልፍ ብሎ፣ የራሷን በር ከፍታለች፣
እንደ ጨረቃ ጉማጅ የጎበጠ፣
ደጃፏ ላይ የተጠረገ አፈር ክምር፣ እንደ ባለትዳር።

ለእንሽላሊቱ ያንኑ ልቅ አሸዋ በሌላ ሳጥን ሰጠሁት፤
ለሱ መናዱ ነው መንገዱ።
ጋሽ እንየው ወደዚያኛው ሳጥን አያይም።
ሌሊት ሲዞር ግን፣ ባትሪውን በነጠላው ጫፍ ሸፍኖ፣ ብርሃኑን አሳንሶ፣
ወደ ጊንጧ ጎንበስ ሲል አይቼዋለሁ።
ጧት ቁልፍ ስቀበለው፣ ሰላምታ ሳያስቀድም፦
«ያዘላት?»
«ይዞላታል፣ ጋሼ።»