የጠጠር ባሕር

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የባንኩን በር ዘግተን፣
የተቆጠረውን ደግመን ቆጥረን ቆጥረን፣
መቶ ብር ጎድሎብኝ፣ ከኪሴ ከፍዬ፣
ደረሰኝ ሳልወስድ ወጣሁ ተቻኩዬ።

«ቁጥር መቶ ሰባት፣ መስኮት ቁጥር አራት»፤
ያቺ የማሽን ሴት፣ ድምጿ የማይደክማት፣
ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ታክሲ ተሳፈረች፣
ሒሳብ ሳትከፍል እስከ አስኮ ዘለቀች።

ቡራዩን አለፍነው። «ወራጅ አለ!» አልኩኝ፤
ከገፈርሳ ወዲህ ጥግ ይዞ አወረደኝ።
«እዚህ ምን አለና?» አለኝ ረዳቱ፣
«ድንጋይ ነው ተራራው፣ ድንጋይ ነው መሬቱ።»
ልጁ አልተሳሳተም፤ እኔም ከዚያ ሁሉ ሰው
ሸሽቼ የመጣሁት ድንጋይ ልይ ብዬ ነው።

*

የጋሽ ኢተፋ በር ቁመቱ አጭር ነው፤
ያላጎነበሰን ግንባሩን ነው የሚለው።
እኔም ጎንበስ አልኩኝ፣ ጫማዬን አውልቄ፣
ስልኬን ከነድምፁ ቦርሳ ውስጥ አንቄ።

ኩሬ የለም። ድልድይ የለም። ዓሣ የለም።
ጠጠር ብቻ፣ አመድማ፣ ደቃቅ፣
በመንሽ ጥርስ የታረሰ፣ ትልም በትልም፤
መሐሉ ላይ ሦስት ጥቁር ቋጥኝ፣
ዳር ላይ አንድ ወይራ
ተከርክሞ፣ ተከርክሞ፣
አንገቱን የደፋ፣ የሚሰማው ነገር ያገኘ ይመስል።

«ይሄ ባሕር ነው» አሉኝ፤
በርጩማ አቀበሉኝ።

ባሕር! ለኔ? እዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ
ውሃን በፈረቃ፣ ማክሰኞ ለማይ፣
እሱም ሌሊት ዘጠኝ፣ ቧንቧው ሲያስነጥሰው፣
ጀሪካን ታቅፌ ቆሜ ለምጠብቀው!
ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ፤
እንዲህ ዓይነቱን ሳቅ ድሮም ነው የሚያውቁ።

«ጃፓኑ ሞሪታ፣ የውሃ ኢንጂነሩ፣
ጉድጓድ ሊቆፍር ነው የመጣ ካገሩ።
ሰባት ጉድጓድ ማስን፤ አምስቱ ደረቁ፣
ካርታና አካፋ አብረው ተሳቀቁ።
ማታ ግን ከካምፑ ጓሮ ብቻውን ይሄዳል፣
ከደረቀው ጉድጓድ ጠጠር ያነጥፋል፣
በመንሽ ይስለዋል፣ ቁጭ ብሎ ያየዋል።
‹ምንድነው ይሄ?› ስለው፣ አማርኛው ሲያንሰው፣
‹ውሃ› አለኝና በመዳፉ ዳሰሰው።»

*

ዝም አልን። ዝም ማለት ሥራ ነው ለካ፤
የቤት ኪራዩ፣ የእቁቡ ቀን፣ የጎደለው መቶ ብር
ራሴ ውስጥ ወረፋ ይዘው ተራ ሲጠብቁ፣
አንድ በአንድ መጡ፣
የሚያስተናግዳቸው ሰው አጡ፣
ወጡ።
የቀርከሃው ቅጠል ሹክ ሲል ሰማሁ፤
የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ።

ከጋራው ማዶ ግን የድንጋይ ወፍጮው ያላምጣል፣
ሲኖትራክ አቃስቶ ዳገት ይወጣል።
ያው ድንጋይ ነው፣ ካንድ ጋራ የተፈነቀለ፤
ወደ ከተማ ወርዶ ፎቅ ሆነ፣ እኔን ተሸከመ፣
እዚህ ቀርቶ ማዕበል መሰለ።

የጎረቤት ዶሮ በአጥሩ ሾልካ
እንደ ጴጥሮስ ባሕር ላይ ሄደች፤
ግን አልተጠራጠረችም፣ ስለዚህም አልሰጠመች።
ጥሬ ፈልጋ አጥታ ወጣች።
ጋሽ ኢተፋ «እሽ!» አላሉም፤
እስክትጨርስ ጠብቀው መንሹን ሰጡኝ።

ሳብኩት። አንድ ትልም። ሁለት። ሦስት። አሥራ ሰባት።
«አትቁጠሪ ልጄ» አሉኝ፣
«የዚህን ጉድለት የሚጠይቅሽ የለም።»
ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣
ቁጥሩ ጠፋኝ። ያቺ ሴትም ጠፋችኝ።
አልፈለግኳትም።

*

ሰኞ ተመልሳለች። «ቁጥር መቶ ሰባት፣
መስኮት ቁጥር አራት።»
እጁ ላይ የድንጋይ ዱቄት የቀረ ሰው፣
ብሩን በፌስታል ጠቅልሎ፣
የመስታወቷ ቀዳዳ ለቁመቱ ዝቅ ብላበት
ሊያናግረኝ ጎንበስ አለ።
አምስት ዓመት እዚያ ተቀምጬ
ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ እንደሚያናግረኝ
አላየሁም ነበር።

እኔም ጎንበስ አልኩኝ።