ሃያ ሊትር

ሰባት ዓመት ሙሉ ጅብ ነበር እንጀራዬ፤
ዓይኑ ሁለት ሳህን፣ እግሩ የላስቲክ ክር፣ የሳሙና ማስታወቂያዬ።
ከገደል ስጥለው እንደ ቂጣ ይነጠፋል፤
ኮከብ ራሱን ዞሮት፣ ብድግ ብሎ፣ ተራግፎ ይተርፋል።
ልጆች ይስቃሉ።
እኔም በጅቡ ጀርባ የቤት ኪራይ ከፈልኩ፣
ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ኮምፒውተሬን ተከልኩ።
ከመስኮቴ ማዶ ሥራ የፈታ ክሬን አለ፣
ከዚያ ወዲያ የሽምብራ ማሳ፣ በችካል የተከፋፈለ።

ዘንድሮ አለቃዬ ፍስሐጽዮን «ጅቡ ይብቃህ» አለኝ፤
«ሰው የሚመስል ሰው ሥራ» ብሎ አዲስ ትእዛዝ ሰጠኝ።
ውኃ ቀድታ የምትመለስ ሴት፣
አሥራ ሁለት ሰከንድ፣
መራመድ ብቻ።

ቀላል መሰለኝ። አጥንቷን ሰካክቼ፣
ቆዳ አልብሼ፣ ሻሽ አስሬ፣ ጥፍሯን ጭቃ አስነክቼ፣
ተነሺ አልኳት።
ተነሣች። የጅቡ እኅት!
ተረከዟ ሳያርፍ መሬቱ አንጥሮ ይመልሳታል፣
ወገቧ እንደ ማስቲካ ተስቦ መንገድ ይቀድማታል፤
ፊቷ የሰው ስለሆነ ደግሞ አያስቅም። ያስፈራል።
በጅብ ያማረው ሁሉ በሰው ላይ ነውር ሆኗል።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መብራት እልም አለ፤
ያላስቀመጥኩት ሥራ አብሮ ኮበለለ።
በጨለማው ቁጭ እንዳልኩ ከደረጃው ድምፅ መጣ፦
ጧ... ዝም... ጧ...
እትዬ አስካለ ናቸው፣ የጎን ቤቷ።
ውኃ ወደኛ ሰፈር የምትመጣው በሳምንት አንዴ፣
ያውም በሌሊት፣ ያውም እስከ ምድር ቤት፤
ከዚያ በላይ ቧንቧው ሰው ነው።

በሬን ገርበብ አድርጌ በስልኬ ቀረጽኳቸው።
ላግዝዎት አላልኩም።

ቀረጻውን ሳምንት ሙሉ ፍሬም በፍሬም በላሁት፦
ጄሪካኑ ሳይነሣ ትከሻቸው ቀድሞ ይወርዳል፣
ባዶው እጃቸው ከጎን ርቆ አየር ይደገፋል፣
ዓይናቸው ከእግራቸው በፊት ሁለት ደረጃ ይወጣል።
ሁሉን ቀዳሁ፤
እሳቸው ውኃውን፣ እኔ እሳቸውን።

ቅዳሜ ቤቴ ጠርቼ አሳየኋቸው።
መነጽራቸውን ፈልገው፣ ሳቅ አሉና፣
«እኔ ነኝ» አሉ። «ወገቤን አሳምረኸዋል እንጂ።»
«እስቲ ድገመው።» ደገምኩት።
ሦስተኛው ላይ ፊታቸው ተለወጠ።
«ጄሪካኑ ግን ባዶ ነው።»
«እንዴት አወቁ?»
«እጀታውን ስትለቅ ጣቷ ወዲያው ተዘረጋ።
የኔ እንዲህ አይደለም፤ ካስቀመጥኩም በኋላ
እንደያዘ ይቆያል፤ ቁልፌን ላወጣ ስል እምቢ ይለኛል።»
እጃቸውን ገልብጠው አሳዩኝ።
እጀታው የቆፈረው ቦይ በጣታቸው ሥር ያልፋል፤
በስልኬ አልታየኝም ነበር።

በሚቀጥለው ተራ፣ ጧ ሲል፣ ወረድኩ።
«ያምጡት» አልኩ። ለሥራዬ ይሁን ለእሳቸው
እስካሁን አላውቀውም።
አንደኛው ፎቅ ላይ ቀለድኩ፣
ሁለተኛው ላይ ዝም አልኩ፣
ሦስተኛው ላይ ስለ ጉልበት የማውቀው ሁሉ ጠፋኝ፤
ትንፋሼ ከኔ ቀድሞ በራቸውን አንኳኳ።

ቤቴ ገብቼ ብዕሩን ላነሣ ስል ጣቴ አልታዘዝ አለ፤
በሌለ እጀታ ላይ እንደተቆለመመ ቀረ።
ስልኩን በግራ እጄ ደግኜ
እስኪዘረጋ ፍሬም ቆጠርኩ፦
መቶ አርባ ሦስት።
ከአሥራ ሁለቱ ሰከንድ ግማሹ ማለት ነው።
ግማሹን ለዚያ ሰጠሁት።
ፍስሐጽዮን «እዚህ ጋ ምንም አትሠራም እኮ!» ብሎ ይቆጣል።
ይቆጣ።

ከሽምብራው ማሳ ወዲያ ጅብ ጮኸ፣ የእግዜሩ፤
ያኛው ከገደል ቢወድቅ ተራግፎ የሚነሣ አይደለም።
በግድግዳው በኩል ደግሞ
ውኃ ከጄሪካን ወደ በርሜል ሲገለበጥ ይሰማኛል፣
ቀስ ብሎ፣
ረጅም፣
ገና አላለቀም።