አንዲት ፍሬም ጎድላለች

ቺሎኤ ደሴት ላይ፣ ዝናብ በማያባራበት፣
ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር፣ በምድር ቤት፣
ቆርቆሮ እከፍታለሁ፤ የፊልም ቆርቆሮ፣
ስንት ክረምት በሆዱ ታጉሮ
ክዳኑ ሲላቀቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል።
ፊልም አሟሟቱ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ይኮመጥጣል፣
ይሸበሸባል፣ ኋላም ደረቅ ቅጠል ይሆናል።
ሳይሞት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው የእኔ ፋንታ፣
ጉድለቱንም መጻፍ፣ እንደ ሐኪም፣ በእርጋታ፤
«ድምፁ ተቆራርጧል»፣ «ርዕሱ ተፍቋል»፣
«መጨረሻው የለም፤ አይጥ በልቶት ይሆናል»።
በቀን አራት። ከዚያ ጃንጥላ፣ ከዚያ ቤት።

ዛሬ ቁጥር መቶ አርባ ሰባት፤
«ዓሣን በጭስ ማቆየት። ለአምስተኛ ክፍል።»
አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ጥቁርና ነጭ፤
ማን አይቶት ያውቃል ብዬ ልዘልለው ስል
ሰባተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ነገር ጣቴን ያዘው፤
መጋጠሚያ፣ በምላጭ ተቆርጦ በፕላስተር የታሸገ፣
ቀጥ ያለ ጠባሳ፣
አደጋ ያልሆነ፣ ሰው አስቦ ያደረገው።

መዝገቡን አወረድኩ። የኦብዱሊያ መዝገብ።
ኦብዱሊያ ማንሲያ፣ ሳላያት ወንበሯን የወረስኳት፣
ሃያ ሦስት ዓመት ፊልም በጀልባ ያዞረች፣
ፕሮጀክተሩን እንደ አራስ ልጅ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣
ሸራ ሲጠፋ አንሶላ፣
አንሶላ ሲጠፋ ግድግዳ፣
ግድግዳው ሲረጥብ የመምህሩን ነጭ ሸሚዝ፣ መምህሩ እንደ ለበሰው፤
(ይህን የነገረኝ ዘበኛው ነው። እኔ አላመንኩም።)

ጽሑፏ ጠባብ ነው፣ ወረቀት የሚቆጥብ ሰው ጽሑፍ፤
«ሰኔ አሥራ ሁለት። አላዎ ደሴት። ሠላሳ አንድ ልጆች። ቤንዚን ሁለት ሊትር።
በሰባተኛው ደቂቃ አንዲት ልጅ ተነሣች።
‹አባባ ነው› አለች።»

ቅርጫት ተሸክሞ ያልፋል፣ ከጀልባው ወደ ጭስ ቤቱ።
ስምንት ሰከንድ። ስሙን የሚጠራ የለም፤
ተራኪው ስለ ጨው ነው ጭንቀቱ፣
ለአንድ ኪሎ ዓሣ ስንት እፍኝ እንደሚበቃ።
ሰውየው ግን ዞር ይላል፤ እኛን ያያል፤
ፈገግ ሊል ሲል፣ በቃ፣
እሳት ይመጣል በቦታው።

«ባሕር የወሰደው መጋቢት ላይ ነው» ይላል መዝገቡ፤ «አስከሬኑ አልተገኘም።
ቤታቸው ፎቶግራፍ የለም።
‹ይድገሙልኝ› አለችኝ። ደገምኩ። ‹ይድገሙልኝ።› ደገምኩ።
መምህሩ ሰዓቱን አየ። አምፖሉ ጋለ።
ደግ የሠራሁ መስሎኝ የኋሊት አዞርኩላት።»

የኋሊት፤
ጭሱ ወደ እንጨቱ ገባ፣ እሳቱ ወደ ክብሪቱ፣
ዓሣው ከመንጠቆው ወረደ፣ ገጠመ የተሰነጠቀ ሆዱ፣
ልጆቹ ሳቁ፤
ሰውየው ጀርባውን አስቀድሞ ከጭስ ቤቱ ወጣ፣
ቅርጫቱን ወደ ጀልባዋ መለሰ፣ እሱም ገባ፣
ጀልባዋም የኋሊት፣ የኋሊት፣
ወደ ባሕሩ።

«‹አቁሚው!› አለች፣ አንቱ ማለቱን ረስታ።
ማቆም አይቻልም። የቆመ ፊልም አምፖሉ ያቃጥለዋል።
ይህን ለልጅ እንዴት ይነግሩታል?
መብራቱን አጠፋሁት።»

ከዚያ በታች የመንግሥት ቅጽ፤ «ጉድለት፤ አንድ ፍሬም። ምክንያት፤»
«አደጋ» ብላ ጽፋ ሠርዛዋለች።
«እርጅና» ብላ ሠርዛዋለች።
በሦስተኛው፣ በሌላ ቀለም፤
«በውሰት ወጥቷል። ኢርሜሊንዳ ካርካሞ፣ አምስተኛ ክፍል።
የመመለሻ ቀን፤»
ባዶ።

ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ አባት፣
መስኮት ላይ ይዘው ካላዩት የማይታይ፣
ደብተር ውስጥ ይሆን? ጫማ ሣጥን ውስጥ?
ወይስ ልብስ ሲታጠብ ኪስ ውስጥ ቀርቶ ነጣ?
እኔ ምን አውቃለሁ።

ኮምፒውተሩ ጠየቀኝ፤ «አንድ ፍሬም ይጎድላል። ልሙላው?»
ከፊተኛውና ከኋለኛው አዳምሮ
ፊት ይሠራል፤ ይህን ይችላል፣ ያምራልም ሥራው።
እጄ ቁልፉ ላይ ጥቂት ቆየ።
«አይ» አልኩት።
ለዓይን የማይታወቅ ነገር ነው፤ የሰከንድ ሃያ አራተኛ፤
እኔም አሁን ሳየው አላየሁትም።

ጻፍኩ፤ «ርዝመት፤ አሥራ አንድ ደቂቃ። ሁኔታ፤ ደህና።
አንዲት ፍሬም በውሰት ላይ።»
ነገ መቶ አርባ ስምንት፤
«ጥርስ ስለ መቦረሽ»።