ሥራ ፈት ካቦ

አባቴ አርንግሪሙር ከጋራዡ በር ቆሟል፤
የእጅ ባትሪ ይዞ የመኪናን ባትሪ ያበራልኛል፤
አፉን ግን ዘግቷል።
ውጪ የአይስላንድ ነፋስ ቆርቆሮውን ይንጣል፣
በጉ ከተራራ ነገ ይወርዳል፣
ወንዙ ከትናንት ጀምሮ ሞልቷል።
ጎረቤታችን ብያርትማር ደውሎ፣ «ትራክተሬ ቢሰጥም
ካንቺ ዊንች ሌላ ተስፋ የለኝም»
አለና ዘጋው። እሱ አያውቅም፤
ዊንቹ ገና ከካርቶኑ አልወጣም።

የእናቴን ቀለበት ከጣቴ አወለቅሁ፣
ከመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከብሎን ጣሳው ጎን አስቀመጥሁ።
አሥር ቁጥር ኪያቬ። ኔጋቲቩን ፈታሁ።
መጀመሪያ እሱ ይወጣል፤ መጨረሻ እሱ ይገባል፤
እንግዳ እንደሚሸኝ አባወራ በሩን ዘግቶ ይመለሳል።

ስምንት ዓመት ሆነው፤ ያኔም ይኸው ግቢ ነው።
እሳት ይመጣል ብለን የፈራነው ከወንዙ ነው፣
ከጭቃው፣ ከሚያቃስተው ሞተር፣ ከተወጠረው ሽቦ ነው።
የመጣው ግን ከዝምታ ነው።
ዓሣ እየበላን ነበር፤ እናቴ ድንች ትልጣለች፤
ጂፑ ግቢ ቆሟል፤ ፀሐይ እንኳ አልጠለቀች፤
ካቦው ከፓራፋንጎው ስለት ተደግፎ፣
ሦስት ክረምት ሙሉ ሲፋተግ፣ ሲፋተግ፣ ልብሱን ገፎ፣
በዚያች ማታ መዳብና ብረት ተገናኙ።
ፊውዝ የለ። ማቋረጫ የለ።
«ተው» የሚል ሽማግሌ በመሐል የለ።
ባትሪው ያለውን ሁሉ ሰጠ፤
ካቦው ፍም ሆነ፣ ቀለሙ እንደ ሰም ቀለጠ፤
እናቴ ቢላዋዋን እንደያዘች ሮጣ ደረሰች፣ ቆመች፤
ምን ይቆረጣል?

«ዊንቹ እኮ ጠፍቶ ነበር» ይል ነበር አባቴ፣ ወር ሙሉ፣
ለበጎቹ፣ ለፖስተኛው፣ ሌሊት ለራሱ፣ ለሁሉ።
እውነቱን ነው፤ ጠፍቶ ነበር።
ዊንች ይጠፋል፤ ፊውዝ የሌለው ካቦ ግን ጠፍቶ አያውቅም፤
ባለቤቱ ሲተኛ እሱ አይተኛም።

እና ዛሬ ፊውዙን ከባትሪው አንድ ስንዝር አስጠጋሁት፤
ነገርን ከሥሩ ነው፤ እሳትንም ከሥሩ ያዝሁት።
ከዚያ ወዲያ ያለው ቢላጥ፣ ቢቆረጥ፣ ቢነካ፣
ፊውዙ ይሙትልን፤ ነፍሱ ርካሽ ነው፣ በጥቂት ክሮና ይተካ።
ሻጩ ቀጭኑን ካቦ አንስቶ «ይህም ይበቃል» አለኝ፤
«ለሬዲዮ ይበቃል» አልሁት፤ አውራ ጣት የሚያህለውን ለካልኝ።
ጫፉን የመዳብ ጆሮ አልብሼ ጨመቅሁት፣
እግሬን ከግድግዳ ቸክዬ በሁለት እጄ ሳብሁት፤
የሚወጣ ከሆነ አሁን ይውጣ፣ እዚህ፣ አባቴ እያበራ፣
ነገ ወንዝ መሐል ብያርትማር ስሜን ከሚጠራ።
ከማርሚታው አራቅሁት፤ በየስንዝሩ አሰርሁት፤
ብረቱን የሚያልፍበትን ቀዳዳ በሞረድ አለዘብሁት፤
ከጣቴ የወርቅ ቀለበት እንዳወለቅሁ፣
ለቀዳዳው የጎማ ቀለበት አጠለቅሁ።
ማሳውን ለዛገ ሻንሲ አላመንሁም፤
የራሱን ካቦ እስከ ባትሪው ዘረጋሁለት፤ መንገድ አላሳጠርሁም።

ፖዘቲቩን አጠበቅሁ። ኪያቬዬ በናስትሮ ተጠቅልሏል።
ኔጋቲቩ ተፈትቶ ሳለ ይህ ለምን? አትበሉኝ፤
እባብ የነደፈው በልጥ ይበረግጋል፤ የኛ ቤት እባብ ካቦ ነው፣ ተዉኝ።

ኔጋቲቩ በመጨረሻ።
ሞተሩን አስነሣሁ። ማቋረጫውን ከፈትሁ።
ከበሮው ዞረ፤ ሽቦው አንድ ክንድ ተፍታታ፤ መልሼ ጠቀለልሁ።
ማቋረጫውን ዘጋሁ።
ቀጭ።

አባቴ ያን ጊዜ ተናገረ፦
«ድገሚው።»
ከፍቼ ዘጋሁት። ቀጭ።
«ድገሚው።»
ቀጭ።

የእጅ ባትሪውን አጠፋ። በጨለማው
ከኪሱ አንድ ነገር አውጥቶ መስኮቱ ላይ ሲያኖር ሰማሁ፤
መብራት ሳበራ አየሁት፦ የድሮው ካቦ ጫፍ፣
ቀልጦ ባቄላ ያከለ መዳብ፤
ስምንት ዓመት ከቁልፍ ጋር ሲፋተግ አብርቷል።

ጠዋት ወንዙ ዳር ስደርስ ጣቴ ባዶ ነው፤
ቀለበቱ መስኮት ላይ፣ ከመዳቡ አጠገብ ነው ያደረው።