የልቃቂቱ ውል

ዘጠኝ መቶ ስምንት ገጽ፣ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ፣
ከኢዝሚር አሮጌ ተራ በሦስት ፎጣ ለውጬ፣
ዴኒዝሊ ድረስ አመጣሁት፣ አውቶቡስ ላይ ከጭኔ አስቀምጬ።
ሽፋኑ «ለጀማሪዎች» ይላል፤
ውስጡ ግን እንደ አማት ነው፣ ከሩቅ ይስቃል፣ ሲጠጉት ይኮሳተራል።
«እንደሚታወቀው» ብሎ ይነሣና
የማላውቀውን ሁሉ በዚያች ቃል ይዘላል።

ቀን ፎጣ ቆጣሪ ነኝ፣ በፋብሪካው መጋዘን፣
በደርዘን፣ በደርዘን፣ በደርዘን።
ማታ ልጄን አስተኝቼ፣ ማጠቢያ ማሽኑ ሲያጓራ፣
የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ወልውዬ፣ ከመጽሐፉ ጋራ
እንፋጠጣለን።

ምዕራፍ አንድ ደግ ነበር፤ «ሰላም ዓለም» በዪ አለኝ፣
አልኩ፤ ዓለምም ከጥቁሩ መስኮት
ያንኑ የራሴን ቃል መለሰልኝ።
ምዕራፍ ሦስት ላይ ጉድ ፈላ፦
አንዲት መስመር ዘልዬ ብጽፍ
መቶ አርባ መስመር ቀይ ስድብ እንደ ጎርፍ ወረደብኝ፣
ከሁሉም አንዷ ብቻ ገባችኝ፦
«የጠቆምሽው ነገር ባዶ ነው።»
እሱስ ልክ ነው፤ ወር ሲያልቅ ቦርሳዬም የሚለኝ ይኸንኑ ነው።

ምዕራፍ አምስትን ግን ማንም ሳያስረዳኝ አወቅሁት።
«ድርጅት የሚያህል ሥራ በአንድ ትከሻ አይቆምም፤
በር ላይ ያለው ይቀበል፣ መሃል ያለው ይወስን፣
ምድር ቤት ያለው ያስቀምጥ፤
አንዱ የሌላውን ጓዳ አይፈትሽ፣ በውል ብቻ ይነጋገር» ይላል።
ይኼማ እኛው ነን!
ጉልሱም ስልክ ታነሣለች፣ ቱርጋይ ቤይ ይወስናል፣ እኔ እቆጥራለሁ፤
እሱ ፎጣው የት እንዳለ አያውቅም፣
እኔም ለምን እንደሚሸጥ አልጠይቅም።

ውል፣ አልኩ ለራሴ።
ውል ፊርማ ነው።
ውል ደግሞ የልቃቂት ጫፍ ነው፤
እሱ ከጠፋ፣ የቀረው ሁሉ ቋጠሮ ነው።

ምዕራፍ ዘጠኝ። «ብዙ ክሮች በአንድ ጊዜ።»
ሳቅሁ፤ በዚህ ከተማ ስለ ክር ለማን ይነገራል ብዬ።
ምሳሌው የቲያትር ቤት ወንበር ነበር፦
አንድ ቀርቷል። ሁለት ሰው እኩል ይጠይቃል፣
«አለ ወይ?» ሲሉ ለሁለቱም «አለ» ይባላል፣
ሁለቱም ይከፍላሉ፤
ወንበሩ አንድ፣ ቲኬቱ ሁለት።

ጣቴ ገጹ ላይ ቀረ።
ባለፈው ክረምት፣ ነጩ ጥጥ፣ ሰባት ቁጥር፣ የመጨረሻው ቦንዳ፣
ለሃምቡርግም ተሸጠ፣ ለትራብዞንም ተሸጠ።
ጉድለቱ በሐይሬቲን ኡስታ ስም ተጻፈ፤
ሃያ ስድስት ዓመት የቆጠረ ሰው
በአንድ ቦንዳ ሌባ ተባለ፣
መታወቂያውን መልሶ በበሩ አለፈ።
ወንበሩን እኔ ወረስኩ።

በማግስቱ የሽያጩን መዝገብ አወጣሁ።
አስር ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ከሠላሳ አንድ ሰከንድ። ሁለቱም።
ሌባው በ«አለ» እና በ«ውሰድ» መሃል ተደብቆ ነበር፣
የዐይን ጥቅሻ በማታህል ቀዳዳ።

እሑድ ቤቱ ሄድኩ።
አውራ ዶሮውን ጭኑ ላይ ይዞ ነበር፣
ያንን ሲጮህ ትንፋሽ የማያልቅበትን።
መጽሐፉን ገልጬ ነገርኩት። አልቸኮለም።
«መድኃኒቱስ?» አለኝ።
«ቁልፍ ነው፤ አንዱ ገብቶ ሳይወጣ ሌላው ደጅ ይቆይ፤
ወይ ሁሉም ይፈጸም፣ ወይ ሁሉም ይመለስ፤ ግማሽ የለም።»
እጁን ወደ ጆሮው ጀርባ ሰደደ፣ ባዶ ነበር፣ መለሰው።
«እኔኮ አንዲት እርሳስ ብቻ ነበረችኝ፣ ፌሪሀ፤
እሷን የያዘ ይጽፋል፣ ያልያዘ ይጠብቃል።
ኮምፒውተሩ ሲመጣ እሷን ቀሙኝና
ለሁሉም እርሳስ አደሉ።»
ዶሮው ጮኸ። እስኪጨርስ ሁለታችንም ዝም አልን።

ሰኞ ጠዋት ቱርጋይ ቤይ በር ላይ ቆሜያለሁ፣
መዝገቡ በእጄ፣ መጽሐፉ በብብቴ።
ከውስጥ ሰው አለ፣ ድምፅ ይሰማል።
እሱ ሳይወጣ አልገባም፤ እጠብቃለሁ።
ግድግዳውን ተደግፌ ምዕራፍ አስርን ገለጥኩ፤
ገና አራት መቶ ምናምን ገጽ ይቀረኛል።